የአሊጌተር እንቁላል ለምን አይገላበጥም? ሸዋ ሮቢት ለጠየቀኝ ልጅ

ጥያቄው አጠር ሲል እንዲህ ነው፦ «ዶክ ሰላም ነው? ሸዋ ሮቢት ነኝ፣ 96 እንቁላል የምትይዝ ኢንኩቤተር አለችኝ። በቀደም አሜሪካ ያለ የአሊጌተር እርባታ ቪዲዮ አየሁና ሰዎቹ እንቁላሉን ከጎጆው ሳያነሱት በፊት አናቱ ላይ በማርከር ምልክት ያረጋሉ፣ ከዛ በኋላ ጭራሽ አያገላብጡትም። እኛን ግን በቀን አምስቴ ካላገላበጣችሁ እያላችሁ ታስጨንቁናላችሁ። ውስጡ ምን ቢኖር ነው? ደሞ በሙቀት ብቻ ወንድና ሴት ይለያሉ ሲባል ሰማሁ፣ እውነት ከሆነ እኔስ ዶሮዬ ላይ ብሞክረው?»

ከመጨረሻው ልጀምርልህ ወንድሜ፣ ብርህ ያለው እዛ ጋ ስለሆነ። ዶሮ ላይ አይሰራም። የዶሮ ጾታ እንቁላሉ ገና ቅርፊት ሳያወጣ እናትየው ሆድ ውስጥ ያለቀ ነገር ነው፣ ሴቷ ዜድ እና ደብሊዩ የሚባሉ ሁለት የተለያዩ ክሮሞዞሞች አሏት፣ አውራው ሁለቱም ዜድ ነው፣ ስለዚ እሷ ደብሊዩውን ያቀበለችው ሴት ይሆናል ዜዱን ያቀበለችው ወንድ፣ በቃ። ማሽንህን ከ37.5 ዝቅ ብታደርገው የሚመጣልህ ቄብ ሳይሆን እንቁላል ውስጥ የቀረ ጫጩት ነው። ሾጣጣው ወንድ ክቡ ሴት የሚባለውንም አያቴ ትለው ነበር፣ ነፍሷን ይማርና እሱም አይሰራም፣ እኔ ራሴ ልጅ ሆኜ ለይቼ አሳቅፌ የወጡት እኩል በእኩል ናቸው።

አሊጌተር (የአሜሪካው የአዞ ዘመድ) ግን እንደዚ አይነት ክሮሞዞም ጭራሽ የለውም። እንቁላሉ ሲጣል ውስጡ ያለው ፅንስ ወንድ ይሁን ሴት ገና አልተወሰነም። ለዛ ነው ነገሩ የሚገርመው፣ እና የማርከሩም ነገር የሙቀቱም ነገር ዞሮ ዞሮ ከአንድ ቦታ ነው የሚመጡት፦ ዶሮዋ ላዩ ላይ ተቀምጣ የምትሰራውን ስራ አሊጌተሯ ለጎጆው ነው የሰጠችው።

እንግዲህ ማርከሩ። ጠዋት ለፍርፍር እንቁላል ስትሰብር ከአስኳሉ ግራና ቀኝ ነጭ ክር የመሰለች ጥምዝምዝ ያለች ነገር አይተህ ታውቃለህ አይደል፣ ብዙ ሰው ቆሻሻ መስላው በማንኪያ የሚያወጣት። እሷ ገመድ ናት። አስኳሉን መሀል ላይ አንጠልጥላ ትይዘዋለች፣ እንቁላሉን ብታዞረው አስኳሉ ተሽከርክሮ ፅንሱ ያለበት ጎን ሁልጊዜ ወደ ላይ ይመለሳል። ዶሮ ስታቅፍ በመንቆሯ ስታገላብጥ የምትውለውም ፅንሱ ከቅርፊቱ ውስጠኛ ሽፋን ጋር ያለጊዜው እንዳይጣበቅ ነው፣ አንተም በእጅህ የምታደርገው እሱኑ ነው።

የአሊጌተር እንቁላል ውስጥ ያቺ ገመድ የለችም። እንደተጣለ አስኳሉ ተንሳፎ ይዞርና ፅንሱ አናቱ ላይ ይወጣል፣ ከዛ በአንድ ቀን ውስጥ የላይኛው ሽፋን ላይ ጥብቅ ብሎ ይለጠፋል። ዶሮ ላይ የምንፈራው መጣበቅ እዚህ ጋ ግዴታ ነው። አሁን ይሄን እንቁላል ገልብጠህ አስቀመጥከው እንበል፣ ፅንሱ ከታች ይሆናል፣ ያ ሁሉ አስኳል ይጫነዋል፣ ገና እንደ ሸረሪት ድር የቀጠኑት የደም ስሮቹና ሽፋኖቹ ይቀደዳሉ፣ ይሞታል። ማርከሩ ሌላ ምስጢር የለውም፣ «ይሄ ጎን ሰማይ» ማለት ነው። መጨረሻ አካባቢ ጠንከር ሲል ትንሽ ይችላል፣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ግን መኪና ላይ ጭኖ መንገጫገጭ ራሱ አደጋ ነው።

የተጣበቀበትን ቦታ ደሞ ከውጭ ማየት ትችላለህ። አዲስ የተጣለ እንቁላል ዙሪያውን አንድ አይነት ነው፣ ብርሀን ሲበራበት ትንሽ ያሳልፋል። ፅንሱ ከተለጠፈ በኋላ ከሱ በላይ ያለው የቅርፊቱ ክፍል እርጥበቱን እያጣ ድፍን ያለ ነጭ ይሆናል፣ ነጠብጣብ ሆኖ ይጀምርና በጎን በጎን ወርዶ መሀሉን እንደ መቀነት ይዞረዋል፣ ፅንሱ እያደገ ሲሄድ መቀነቱም እየሰፋ ወደ ሁለቱ ጫፎች ይገፋል። እኛ ሀገር አሊጌተር የለም፣ ያለን የናይል አዞ ነው፣ አንተም ታች አዋሽ ላይ የምትሰማው እሱን ነው፣ እንቁላሉ ግን በዚህ በኩል አንድ ነው። አንዴ ተማሪዎች ይዤ አርባ ምንጭ የአዞ እርባታው ጋ ሄጄ አንዱን በሞባይል ባትሪ አይቼዋለሁ፣ መቀነቱ ጋ ብርሀኑ ደብዘዝ ይልና ከሱ ወዲህና ወዲያ ወደ ቢጫ የሚሄድ ፈካ ያለ ነገር ነው፣ ደም ስር ደሞ እንደ ቅጠል ስር ተበትኖ ይታያል። መቀነት የሌለው እንቁላል ባዶ ነው፣ ወይ ገና ሳይጀምር ሞቷል። እርባታ ላይ የሚሰሩ ሰዎች ለዚ ማሽን አያስፈልጋቸውም፣ በአይናቸው ይለያሉ።

ሌላው ልዩነት የሚጣልበት ጊዜ ነው። የዶሮ እንቁላል ሲጣል ፅንሱ አስኳሉ ላይ ያለች ነጭ ነጥብ ናት፣ ጭንቅላትም ጀርባም የላት። ለዛ ነው ቀዝቃዛ ቦታ አንድ ሳምንት አቆይተህ ማሽን ውስጥ ብታስገባውም የሚነሳው። የአሊጌተሩ ግን እናቱ ሆድ ውስጥ እያለ ጀምሮታል፣ ሲጣል ፅንሱ ራስና ጀርባ ለይቷል፣ በኋላ የጀርባ አጥንትና ጡንቻ የሚሆኑት ትንንሽ ኩብ ኩብ ነገሮች ጥንድ ጥንድ ሆነው ከ10 በላይ ተደርድረዋል፣ በማይክሮስኮፕ ስታየው ልክ የመቁጠሪያ ዶቃ ነው የሚመስለው። ስለዚ ያንን ማዘግየት አይቻልም፣ ተነስቶ ጉዞ የጀመረ ነገር ነው።

አሁን ጎጆው ጋ እንምጣ፣ እኔ በጣም የምወደው እሱን ነው። አንተ ቆለኛ ስለሆንክ ላታውቀው ትችላለህ፣ ደብረ ብርሃን ህዳር ላይ ውርጭ ባደረበት ማለዳ ሳሩ ሁሉ ነጭ ሆኖ ጓሮ ያለው የፍግ ክምር ግን ይጨሳል። ልጅ ሆነን ትምህርት ቤት ከመሄዳችን በፊት እጃችንን እስከ ክርን እንከትበት ነበር፣ እናቴ ብትጮህም፣ ላዩ ቅዝቅዝ ያለ ነው ገባ ስትል ግን ያቃጥላል ለማለት ትንሽ ነው የሚቀረው። የአሊጌተር ጎጆ ማለት ይሄ ነው። እናትየው ሳሩን፣ ደንገሉን፣ ጭቃውን፣ የበሰበሰ ቅጠሉን በአፏና በጅራቷ ሰብስባ ክምር ትሰራለች፣ አናቱ ላይ ጉድጓድ አርጋ 30 ወይ 40 ወይ ከዛ በላይ እንቁላል ትጥልና ትከድነዋለች። የምትጥለው በፈረንጆቹ ሰኔ መጨረሻና ሀምሌ መጀመሪያ ነው፣ ሉዊዚያናና ፍሎሪዳ ሙቀቱ ሲያይል። ክምሩ ሲበሰብስ ሙቀት ይሰጣል፣ ፀሀዩም ያግዘዋል፣ እርጥበቱ ደሞ ሁልጊዜ ሙሉ ነው። እሷ እላዩ ላይ አትቀመጥም፣ አጠገቡ ሆና ትጠብቃለች። (የኛ አዞ ክምር አይሰራም፣ አሸዋ ቆፍሮ ይቀብራል፣ 3 ወር ገደማ ይፈጅበታል፣ አሊጌተሩ 65 ቀን አካባቢ ነው።)

መበስበሱ ደሞ ለሙቀት ብቻ አይደለም። ማርክ ፈርግሰን የሚባል ሰው በ1981 ያሳየው ነገር አለ፣ ክምሩ ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች የሚያመነጩት አሲድ የቅርፊቱን የውጭ ክፍል ቀስ እያለ ይበላዋል። ቅርፊቱ እየሳሳ ቀዳዳዎቹ እየሰፉ ይሄዳሉ፣ ፅንሱ በበኩሉ ከውስጥ ለአጥንቱ ካልሲየሙን ይወስዳል፣ ስለዚ ፅንሱ ትልቅ ሆኖ ብዙ አየር በሚፈልግበት ሰአት ቅርፊቱም አየር ማሳለፍ ይችላል፣ መውጫውም ሲደርስ ለመሰበር ቀሏል። እንቁላሉን ብስባሽ በሌለበት ንፁህ ማሽን ውስጥ ብታስቀምጠው ቅርፊቱ እንደጠነከረ ይቆይና ለመውጣት የሚቸገር ይኖራል። ንፅህና ንፅህና እያልኩ አንተን የማደርቅህ ሰውዬ ይሄን ስነግርህ ይገርምህ ይሆናል፣ ግን ለዶሮ አይሰራም፣ በቆሻሻ እንቁላል ማሽንህን እንዳትሞላብኝ!

አየር ያልኩህን ሰፋ ላርገው። ፅንሱ ሳንባ የለውም፣ ማለቴ እየተሰራ ነው እንጂ ገና አይተነፍስበትም። ከሆዱ የሚወጣ ከረጢት አለ፣ መጀመሪያ ሽንቱን የሚያጠራቅምበት ነው፣ ከዛ እየሰፋ ሄዶ የቅርፊቱን ውስጠኛ ግድግዳ በደም ስር ያለብሰዋል፣ እንደ እንግዴ ልጅ በለው፣ እናት የሌለው እንግዴ ልጅ። ኦክስጅን በቅርፊቱ ቀዳዳ ይገባል የተቃጠለው አየር ይወጣል። ለዛ ነው ጎርፍ መጥቶ ጎጆው ውሃ ውስጥ ሲቆይ እንቁላሎቹ ታፍነው የሚሞቱት፣ ዕድሜ ልኩን ውሃ ውስጥ የሚኖር እንስሳ እኮ ነው፣ እንቁላሉ ግን ይሰምጣል። ይሄ ላንተም ይሰራል፣ የዶሮ እንቁላልም በቅርፊቱ ነው የሚተነፍሰው፣ ለሽንኩርቱና ለማሾው የምትረጩት መድሀኒት ካለበት መጋዘን ውስጥ እንቁላል አታስቀምጥ።

ወደ ፅንሱ እንመለስ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ልብ ትመታለች፣ አስኳሉ ላይ ደም ስር ይዘረጋል። በዚህ ሰአት ከዶሮ ፅንስ ጎን ብታስቀምጠው ትልቅ ጭንቅላት፣ ትልቅ ጥቁር አይን፣ የታጠፈ ጅራት፣ ሁለቱ ይመሳሰላሉ፣ ፈተና ላይ አጠገብ ላጠገብ ሳስቀምጥላቸው ተማሪዎቼ ግማሹ ይሳሳታሉ፣ እኔም አልፈርድባቸውም ምክንያቱም አዞ ዛሬ ካሉ እንስሳት ውስጥ የቅርብ ዘመዱ እንሽላሊት ሳይሆን ወፍ ነው። ቀጥሎ እግርና እጅ እንደ እንቡጥ ብቅ ይላሉ፣ እንቡጡ ጭልፋ ይመስላል፣ ከጭልፋው ውስጥ ጣቶች እንደ ጨረር ይታያሉ፣ መሀል መሀሉ ይሟሽሽና የፊት እግሩ 5 የኋላው 4 ጣት ይሆናል። አፍንጫና መንጋጋው ይረዝማል። ግማሽ ጊዜው ካለፈ በኋላ ቅርፊቱ፣ የቆዳውን ማለቴ ነው የእንቁላሉን አይደለም፣ መውጣት ይጀምራል፣ ቀለሙም ይመጣል፣ ጥቁር ሆኖ ነጣ ያለ መስመር መስመር ያለው። አንድ ነገር ልጨምር፣ በ33 ዲግሪ የቆዩት በ30 ከቆዩት ይልቅ በአማካይ አንድ መስመር ይበልጣሉ፣ ምክንያቱ ጾታው ሳይሆን መስመሩ በሚሳልበት ሰአት ሞቅ ያለበት ፅንስ ረዘም ብሎ ስለሚገኝ ነው። ረጅም ሸማ ላይ ብዙ ጥለት ይገባ የለ፣ እንደዛ።

ጾታው ጋ ደረስን። ከኩላሊቱ ጎን ጥንድ እጢዎች አሉ፣ መጀመሪያ ላይ ወንዴም ሴቴም መሆን የሚችሉ። ከ65ቱ ቀን መሀለኛው ሲሶ፣ ከ30ኛው እስከ 45ኛው ቀን ገደማ፣ ሙቀቱ ስንት እንደሆነ ነው የሚወስናቸው፣ ከዛ በፊት ወይ ከዛ በኋላ ብታሞቅ ብታቀዘቅዝ ጾታው ላይ የሚያመጣው ነገር የለም። ፈርግሰን እና ሉዊዚያና ይሰራ የነበረው ቴድ ጆአነን በ1982 ያወጡት፣ 30 ዲግሪና ከዛ በታች የቆየው ሁሉ ሴት፣ 34 ላይ የቆየው ወንድ ነበር። በኋላ ነገሩ ትንሽ ተወሳሰበ፣ ወንድ በደንብ የሚገኘው 33 አካባቢ ነው፣ ከዛ አልፎ ወደ 35 ሲጠጋ ሴቶች ተመልሰው ይመጣሉ፣ ማለትም ወንዱ የሚገኘው መሀል ላይ ባለች ጠባብ መስኮት ነው። አስበው እስቲ፣ ከደብረ ብርሃን ተነስተህ ጣርማ በርን አልፈህ ደብረ ሲና ስትወርድ ጃኬት ታወልቃለህ፣ ሮቢት ስትገባ ሸሚዙም ይከብድሃል። ለአሊጌተር ያ ሁሉ መንገድ አያስፈልገውም፣ ሶስት ዲግሪ ብቻ ወንድሙን እህቱ ያደርገዋል። አንድ ጎጆ ውስጥ እንኳ ላይ ያሉትና ታች ያሉት፣ ፀሀይ ያገኛቸውና ጥላ ያረፈባቸው ላይመሳሰሉ ይችላሉ።

ሙቀቱ እንዴት ነው ጾታ የሚሆነው ካልክ፣ ዋናው መዘውር ሆርሞን ነው። የወንዴውን ሆርሞን ወደ ሴቴው ሆርሞን፣ ወደ ኤስትሮጅን፣ የሚለውጥ አሮማቴዝ የሚባል ኢንዛይም አለ፣ ቀዝቀዝ ባለው ጎጆ እሱ ይበረታል፣ እጢው እንቁልጢ ይሆናል። 33 ላይ ደሞ ወንዴ ፍሬ የሚሰሩት ጂኖች ይነሳሉ። ለመሆኑ ሙቀቱን ማን ነው የሚለካው ለሚለው፣ በ2015 የወጣ ስራ እጢው ውስጥ ያለ ሙቀት ሲነካው የሚከፈት የካልሲየም በር አገኘ፣ ያንን በር በመድሀኒት ሲዘጉትና ሲከፍቱት የወንዴው ጂኖች ስራ ተዛባ። ኤስትሮጅን ራሱን እንቁላሉ ላይ ብትቀባው ደሞ ለወንድ በሚመች ሙቀት ያለው ፅንስ ሴት ይሆናል፣ በቅርፊቱ አልፎ ይገባል ማለት ነው። ይሄ ቀልድ አይደለም። ፍሎሪዳ አፖፕካ የሚባል ሀይቅ አጠገብ በ1980 ፀረ ተባይ ኬሚካል ፈሶ ነበር፣ ከዛ በኋላ ሉዊስ ጊሌት የሚባል ተመራማሪ እዛ ያሉትን አሊጌተሮች ሲያጠና የሚፈለፈለው እንቁላል ትንሽ ሆኖ አገኘው፣ ልጆቹም ሆርሞናቸው የተዛባ፣ ወንዶቹ ብልታቸው ያነሰ። የመድሀኒቱን መጋዘን ነገር ያነሳሁብህ ለዚ ነው።

ሙቀቱ ፍጥነቱንም ይለውጣል፣ ቀዝቀዝ ያለው ይዘገያል። መብራት ሲጠፋ ማሽንህ ላይ የምታየው ነው፣ በ21 ቀን ይወጣል ያልከው 22 እና 23 ይሆናል። እኔ አምና ክረምት ላይ አንድ ሌሊት ሙሉ ጠፍቶብኝ በብርድ ልብስ ጠቅልዬ ሙቅ ውሃ በጀሪካን አስጠግቼ አድሬ 40 ካስገባሁት 11 ብቻ ነው የወጣልኝ፣ እሱም አንካሳ አንካሳ። አሊጌተሩ ላይ መብራት አይጠፋበትም፣ ፍጉ ሌሊቱን ሙሉ ይበሰብሳል።

መጨረሻ ላይ ስንዝር የሚያህለው ልጅ 7 ሳንቲ ገደማ የሆነ እንቁላል ውስጥ ጅራቱን በፊቱ ላይ አዙሮ ተጣጥፎ ይተኛል። አፍንጫው ጫፍ ላይ ጠንካራ ጉብታ አለችው፣ ሽፋኑን የሚቀድባት፣ የአንተም ጫጩት መንቆሩ ላይ አለችው ካላየሃት በሚቀጥለው ዙር እያት፣ ሁለቱም ከወጡ በኋላ ትጠፋለች። ከመውጣቱ በፊት ግን ይጮሀል፣ ገና እንቁላሉ ውስጥ እያለ። ድምፁ አንዱ ለሌላው ይተላለፋል፣ በ2008 የናይል አዞ ላይ የተሰራ ሙከራ የዚህን ጩኸት ቅጂ ለሌሎች እንቁላሎች ሲያሰሙ እነሱም እየጮሁና እየተንቀሳቀሱ መውጣት ጀመሩ፣ ለእናቶቹ ሲያሰሙ ደሞ መሬቱን ቆፈሩ። እና እናትየው ያንን ፍግ በፊት እግሯ ትንደዋለች፣ ልጆቹን በአፏ ይዛ ወደ ውሃ ትወስዳለች፣ አልወጣ ያለውን እንቁላል ምላሷና ላንቃዋ መሀል አርጋ ቀስ ብላ ትሰብርለታለች። በሬ የሚጎትት መንጋጋ እኮ ነው!

የወጣው ልጅ ወዲያው አይበላም። የተረፈውን አስኳል ሳይወጣ በፊት በእምብርቱ በኩል ወደ ሆዱ አስገብቶታል፣ ለተወሰነ ጊዜ እሱን ነው የሚኖርበት። ያንተም ጫጩት እንደዛው ነው፣ ከደብረ ብርሃን በካርቶን ታሽገው ሚኒባስ ላይ ተጭነው ሁለት ቀን ምንም ሳይቀምሱ ሮቢት በሰላም የሚደርሱት በዛ ነው። አንዱን አንስተህ ሆዱን በአውራ ጣትህ ቀስ ብለህ ዳሰው፣ እምብርቱ አካባቢ ለስለስ ሞላ ያለ ነገር ካገኘህ አስኳሉ ገና አላለቀም። እምብርቱ እርጥብ ከሆነና ከሸተተህ ግን ከሌሎቹ ለየው።